ከቁም ሳጥን የተገኘ አበባ

ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ጅረት ዳር ተንበርክኬ ያችን ሮዝ አበባ ሳያት ልቤ እንዴት እንደዘለለ አሁን ሳስታውሰው ያሳፍረኛል። ነሐሴ ነበር። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፤ የካፋን ደን ዕፅዋት በቃሌ አውቃለሁ ብዬ የምኩራራበት ዘመን። የእንሶስላ ዘመድ መሆኗ ከሩቅ ያስታውቃል። እናቶቻችን በሥሩ እጅና እግራቸውን የሚያቀሉበት እንሶስላ ትልቅ ነጭ አበባ ያወጣል፤ ይህቺ ግን ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም፤ ከጀርባዋ እንደ አይጥ ጅራት የቀጠነ ነገር ተንጠልጥሎባታል። ጅራቱ ረዘመብኝ። የዕፅዋት መለያ መጽሐፉ ላይ ከተጻፈው እጥፍ ይሆናል። ሹፌሩ እየሰማኝ "አዲስ ዝርያ ናት!" ብዬ ጮህኩ።

አልነበረችም።

ይህን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ የመጀመሪያው ዓመት የባከነው ደግሞ በጋዜጣ ምክንያት ነው። የእንሶስላ ወገን በሳይንሳዊ ስሙ ኢምፔሸንስ ይባላል፤ በላቲን "ትዕግሥት የለሽ" ማለት ነው፤ የበሰለ ፍሬው ገና ሲነካ ፈንድቶ ዘሩን ስለሚረጭ። አበባውም ከፍሬው የተሻለ ትዕግሥት የለውም። እንደ ማንኛውም ተክል በአዲስ ዘመን ጋዜጣ መካከል አጋድሜ በእንጨት መጭመቂያ ጠፍሬ አሰርኩት። አዲስ አበባ ገብቼ ስከፍተው ቅጠሉና ግንዱ አምሮ ደርቋል፤ አበባው ግን ወረቀቱ ላይ ሮዝ ጠብታ ሆኖ ቀርቷል። ከሥሩ የታተመው ፊደል ይነበባል። የዚህን ወገን ዝርያዎች የሚለየው ደግሞ አበባው ነው።

በሁለተኛው ጉዞ አበቦቹን የምነክርበት አልኮል ይዤ ሄድኩ፤ ግን በሦስተኛው ቀን አለቀብኝ። ምን ላድርግ፣ ከገበያ አረቄ ገዛሁ። አማካሪዬ ብልቃጡን ከፍተው አሸተቱና "ይህ ናሙና ነው ወይስ ስንቅ?" አሉኝ። ለጥቂት ቀናት ግን አረቄው አላሳፈረኝም፤ አበቦቹ ቅርጻቸውን እንደያዙ ደርሰው ወደ 70 በመቶ አልኮል ተዛወሩ።

ቀጥሎ አማካሪዬ "ስንት አበባ ለካህ?" ሲሉኝ "ሦስት" አልኩ። ምንም አልመለሱልኝም። ተመልሼ ስድስት ጅረቶችን እየተከተልኩ 74 አበቦች ለካሁ። ከጥላ ሥር የበቀሉት ረዥም ጅራት አላቸው፤ ፀሐይ የሚያገኛቸው አጭር፤ በመካከል የበቀሉት መካከለኛ። እዚህ ላይ ይለያል ብሎ መስመር የሚሰመርበት ቦታ ጠፋ። የኔ "አዲስ ዝርያ" በምሥራቅ አፍሪካ ደኖች በሰፊው የሚገኘውና መልኩን እንደየቦታው የሚለዋውጠው ኢምፔሸንስ ሆክስተተሪ ሆኖ አረፈው። ለሹፌሩ እስካሁን አልነገርኩትም።

ዋናው ነገር የመጣው ይህን ሽንፈት ለማረጋገጥ ስደክም ነው። የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች የሚቀመጡበት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ሄርባሪየም አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2009 በስምንት ቅጽ ለታተመው፣ 6,000 ያህል ዝርያዎችን ለያዘው የኢትዮጵያና ኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ አንዱ መሠረት እነዚያ ናሙናዎች ናቸው። የኢምፔሸንስን ካርቶኖች አንድ በአንድ አየሁ። የመጨረሻው አቃፊ ስማቸው ያልታወቀ ናሙናዎች የሚከማቹበት ነው፤ እውነቱን ለመናገር ሰው ሲደክመው የሚዘልለው አቃፊ። እዚያ ውስጥ፣ እኔ ሳልወለድ የተሰበሰበ አንድ ቡናማ ቅርንጫፍ አገኘሁ። ፍሬው ፀጉራም ነበር። የሆክስተተሪ ፍሬ ግን ልሙጥ ነው።

የሄርባሪየሙን ኃላፊ አስፈቅጄ አንድ የደረቀ አበባ ነቀልኩ። ትኩስ ውሃ ላይ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አንድ ጠብታ ጨምሬ ነከርኩት። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ፣ ወረቀት የመሰለው ነገር እየለሰለሰ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተከፈተ። በማይክሮስኮፕ ሥር በመርፌ ገለጥኩት። ከአበባው ግራና ቀኝ የሚቀመጡት አረንጓዴ ሽፋኖች በሆክስተተሪ ሁለት ናቸው። እዚህ አራት ናቸው። በዚህ ጊዜ አልጮህኩም። ሌላ አበባ ለመንቀል ድጋሚ ፈቃድ ጠየቅሁ። እሱም አራት ነበረው።

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ አንድ ጥናት ከአዲስ የአበባ ተክሎች መካከል በተሰበሰቡ በአምስት ዓመት ውስጥ ስም ያገኙት 16 በመቶ ብቻ እንደሆኑ፣ ሩብ የሚሆኑት ደግሞ ከ50 ዓመት በላይ እንደጠበቁ አሳይቷል። ቀደም ብዬ አንብቤው ነበር፤ ያኔ ግን የሌላ አገር ወሬ መስሎኝ አልፌዋለሁ።

ከዚያ ማነጻጸር ነው። የቆዩት ስም ተሸካሚ ናሙናዎች (የአንድ ዝርያ ስም የሚታሰርባቸው ናሙናዎች) ፓሪስና ለንደን ስለሆኑ ምስላቸውን በኮምፒውተር እያጎላሁ ሳይ ከረምኩ። እንሶስላን ለሳይንስ የሰየመው ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር እ.ኤ.አ. በ1847 ነው፤ ስለ አገራችን ዕፅዋት የጻፈውም ሌሎች በሰበሰቡለት ናሙና ነው። ከሰብሳቢዎቹ አንዱ ካርተን ዲሎን በንዳድ ሞተ፤ ሌላውን፣ አንቷን ፔቲን፣ ዓባይን ሲሻገር አዞ በላው። እኔን የበላኝ አልቅት ብቻ ስለሆነ አላማርርም።

የአሮጌው ናሙና ወረቀት ቦታውን የሚናገረው "በጅማ መንገድ" ብሎ በኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ከዚያ ወዲህ ተሠርቷል፤ ኪሎ ሜትሩ አይገጥምም። ሁለት ጊዜ ሄጄ ባዶ እጄን ተመለስኩ። በመጨረሻ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ አንድ አዛውንት ፎቶውን አይተው "ልጄ፣ አንተ ሁልጊዜ በነሐሴ ትመጣለህ፤ ይህ የሚያብበው በጥቅምት ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ነሐሴ የኔ ዕረፍት እንጂ የአበባው ወቅት አይደለም። በጥቅምት ከሳቸው ጋር ሄድኩ፤ ከአንድ ፏፏቴ ሥር፣ ዘወትር ውሃ በሚረጨው ድንጋይ ላይ፣ አበባና ፍሬ በአንድ ግንድ ይዞ ቆሞ ነበር። 30 ግንድ አይሞላም፤ ስለዚህ የቆረጥኩት ጥቂት ነው።

የሚቀረው ወረቀት ነው፤ እንደፈራሁት አልከበደም። እ.ኤ.አ. እስከ 2011 መጨረሻ የአዲስ ተክል መግለጫ በላቲን ካልተጻፈ ስሙ አይጸናም ነበር፤ አሁን በእንግሊዝኛም ይቻላል። ስም ተሸካሚው ናሙና አራት ኪሎ ይቀመጣል፤ ከዚያው ተክል የተወሰደ ተጓዳኝ ናሙና ወደ ውጭ ለመላክ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ይህን ከመጀመሪያው ባለማሰቤ ወራት ጠፉብኝ። ስሙንም እዚህ አልጽፈውም። ያለ መግለጫ ቀድሞ የታተመ ስም በሙያው "ራቁት ስም" ይባላል፤ ሕጋዊ ዋጋ የለውም። በእናቴ ስም ልሰይመው አስቤ ነበር፤ ደንቡም አይከለክልም። አማካሪዬ ግን የቦታውን ስም መረጡ፤ አሁን ሳስበው ልክ ናቸው፤ እናቴ ቦንጋን አይታ አታውቅም።

ባለፈው ስመለስ ቀፎ የሚሰቅሉት ጋሼ "ስም አወጣችሁለት?" አሉኝ። አውጥተናል፣ ግን ገና አይነገርም አልኳቸው። ሳቁ። "እኔ የመጀመሪያውን ቀን ስሙን ነግሬህ ነበር እኮ!" አሉኝ። በእርግጥ በካፋዎች ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ የሚጠሩበትን ስም ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ግን ከፍታውን በመመዝገብ ተጠምጄ አላሰፈርኩትም። እንዲደግሙልኝ ለመንኳቸው። ሁለት ጊዜ አስጠርቼ ጻፍኩት፤ አሁን በናሙናው ወረቀት ላይ፣ ከከፍታው በላይ ባለው መስመር ሰፍሯል።