ከጣሪያዬ ፀሐይ መኪናዬን ቻርጅ ሳደርግ የተማርኩት

ሥራዬ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ካሉ ከብት አርቢዎች ወተት ሰብስቤ ለከተማው ደንበኞች ማድረስ ነው። ሥራው ጎሕ ሲቀድ ተጀምሮ ረፋድ ላይ ስለሚያልቅ፣ መኪናዬ ከ3 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ እስከ ማታ ግቢ ውስጥ ቆማ ትውላለች። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት ሳስብ፣ ብዙዎች «ከአዲስ አበባ ውጭ የት ቻርጅ ልታደርግ ነው?» ይሉኝ ነበር። ለእኔ ግን መልሱ የተገኘው ከሥራዬ ጠባይ ነው፤ ፀሐይ በምትበረታበት ሰዓት ቤት የምትውል መኪና ካለች፣ ኃይሉን ከጣሪያ ላይ ተቀብሎ በቀጥታ ለመኪናዋ መስጠት ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ የምገልጸው ይህን እንዴት እንዳደረግሁትና በሥራው ውስጥ ምን እንዳስተዋልኩ ነው።

መጀመሪያ የተነሣሁት ከፀሐይ ፓኔል ብዛት ሳይሆን ከፍጆታ ነው። የገዛሁት 39 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል የሚይዝ ባትሪ ያላት አነስተኛ መኪና ሲሆን፣ በእኛ አገር ዳገትና ቁልቁለት ከወተት ጭነት ጋር ለ100 ኪሎ ሜትር ከ13 እስከ 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ትወስዳለች። በቀን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምሄድ፣ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነውን ጨምሬ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ያዝኩ። ለመብራት፣ ለቴሌቪዥንና በተለይ ወተቱ ለሚያድርበት ማቀዝቀዣ ሌላ 4 ስጨምር ጠቅላላው 12 ሆነ። በበጋ ፀሐይ አንድ 550 ዋት ፓኔል፣ ሙቀቱ፣ አቧራውና ኢንቨርተሩ (የፓኔሉን ኃይል ቤት ወደሚጠቀምበት ኤሌክትሪክ የሚለውጠው መሣሪያ) የሚቀንሱት ከተቀነሰ በኋላ፣ በቀን 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ስለዚህ 6 ፓኔል ይበቃኝ ነበር። ነገር ግን በጎጃም ላለ ሰው ዓመቱን የሚወስነው በጋው ሳይሆን ክረምቱ ስለሆነ 10 አስገባሁ።

ጣሪያዬ እንደ አብዛኛው የከተማችን ቤት በባሕር ዛፍ ወራጅና ማገር ላይ የተመታ ቆርቆሮ ነው። አንዱ ፓኔል 28 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ 10ሩ ከነብረት ማቀፊያቸው ከ300 ኪሎ በላይ ይሆናሉ፤ ከዚህም በላይ ነፋሱ ወደ ላይ የሚያነሣበት ኃይል አለ። በመሆኑም ፓኔሉ ከመምጣቱ በፊት አናጢ ጠርቼ እንጨቱን አንድ በአንድ አስፈተሽኩ፤ ምስጥ የነካቸውን ማገሮች አስቀየርኩ፤ አዲሶቹንም የተቃጠለ የሞተር ዘይት አስቀባሁ። ማቀፊያው የታሰረው ወራጁን በሚይዝ ብሎንና ውኃ በማያሳልፍ የጎማ ቀለበት (ዋሸር) ነው፤ ቆርቆሮውን ብቻ ነክሶ የሚቀር ሚስማር ለዚህ ሥራ አይታመንም። በፓኔሉና በቆርቆሮው መካከል አንድ ስንዝር የማትሞላ ክፍተት እንድትቀር ያስደረግሁት አየር እያለፈ እንዲያቀዘቅዘው ነው። ፓኔል የሚወደው ብርሃንን እንጂ ሙቀትን አይደለም፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በሚጨምር በእያንዳንዱ ዲግሪ ከኃይሉ 0.35 በመቶ ያህል ያጣል። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,450 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው ከተማችን በዚህ ረገድ ታድላለች፤ ፀሐይዋ የበረታች፣ አየሯ ግን የቀዘቀዘ ነው።

ፊቱን ወዴት እናድርገው የሚለው ጥያቄ ብዙ አነጋግሮናል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ላለ ሰው ወደ ደቡብ ማዞር እንደ ደንብ ይነገራል። ይሁን እንጂ ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ 10 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ፣ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከራሳችን በላይ አልፋ ወደ ሰሜን ታጋድላለች። ጠፍጠፍ ላለ ጣሪያ እንግዲህ አቅጣጫው የሚያመጣው ልዩነት ትንሽ ነው። እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ የደመናው ሰዓት ነበር። የእኛ ክረምት ብዙውን ጊዜ ጠዋት ገለጥ ብሎ ከቀትር በኋላ ይከብዳል፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ እንደሚመጣ ልብስ የሚያጥቡ እናቶች ሁሉ ያውቁታል። የጣሪያዬ ሁለት ክንፎች ምሥራቅና ምዕራብ ስለሚያዩ፣ 6 ፓኔል በምሥራቁ፣ 4 ደግሞ በምዕራቡ ክንፍ ላይ አስቀምጬ ለየብቻ በኢንቨርተሩ ሁለት መግቢያዎች አስገባኋቸው። በሐምሌ የምሥራቁ ክንፍ ከ3 እስከ 6 ሰዓት የሚሰጠኝን ሳይ፣ ከውሳኔዎቼ ሁሉ ጥሩው ይህ ነበር ብዬ አምናለሁ። ለየብቻ መግባታቸው ሌላም ጥቅም አለው፤ ተከታትለው ከተያያዙ ፓኔሎች በአንዱ ላይ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ጥላ ቢያርፍ የመሥመሩ ሁሉ ጉልበት ስለሚዳከም፣ ጥላው በአንዱ ክንፍ ብቻ ተወስኖ ይቀራል።

ኢንቨርተር ሲመረጥ ከፍታውን ማሰብ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ኢንቨርተሮች ሙሉ አቅማቸውን የሚሰጡት እስከ 2,000 ሜትር ድረስ እንደሆነ በመመሪያቸው ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ በደንብ አይቀዘቅዙም። እኔም 6 ኪሎ ዋት የሚል ገዝቼ ከ5 በላይ አላስጭነውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ኧርዝ፣ ማለትም የቤቱን ኤሌክትሪክ ለደህንነት ከመሬት ጋር ወደሚያገናኘው መስመር ልምጣ። ሥራውን የያዘው ወጣት ኤሌክትሪሺያን ገና በመጀመሪያው ቀን «ጋሼ፣ ኧርዙ ሳይስተካከል ፓኔል አንጫን፤ መኪናዋ እሺ አትልም» አለኝ። ምክንያቱን ሲያስረዳኝ ነገሩ ገባኝ። የመኪና ቻርጀር ኃይል ከማሳለፉ በፊት የኧርዝ መስመር መኖሩን ይፈትሻል፤ ካላገኘ ቀይ መብራት አብርቶ ይቆማል። ቤቱ በመንግሥት መስመር ላይ ሳለ ይህ ላይታይ ይችላል። ኢንቨርተሩ ከመስመሩ ተለይቶ በፀሐይና በባትሪ ሲሠራ ግን ኒውትራሉ (ኤሌክትሪኩ ዞሮ የሚመለስበት ሽቦ) ከመሬት ጋር ሳይገናኝ ሊቀር ይችላል፤ ያን ጊዜ ማቀዝቀዣውም መብራቱም በደህና እየሠሩ መኪናዋ ብቻ አልቀበልም ትላለች። መፍትሔው ኢንቨርተሩ ከውጭው መስመር በተለየ ጊዜ ብቻ ኒውትራሉን ከኧርዝ ጋር እንዲያገናኝ ማድረግ ሲሆን፣ በእኔ ኢንቨርተር ይህ በማስተካከያው ውስጥ የሚገኝ ምርጫ ነው። ይህን በእጅ ሽቦ አገናኝቶ ለዘለቄታው መተው አደገኛ ስለሆነ ለባለሙያ ብቻ የሚተው ሥራ ነው።

ኧርዙ ራሱ በመዳብ የተለበጠ ረጅም ዘንግ ነው፤ ጉድጓዱ በከሰልና በጨው ተሞልቷል። መሬቱ በክረምት ርጥብ ስለሆነ ችግር የለም፤ በየካቲትና በመጋቢት ግን አፈሩ ሲደርቅ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ስለሚቀንስ በየጊዜው ውኃ አፈስበታለሁ። መብረቅ ለሚበዛበት ደጋ ደግሞ ከፓኔሉም ከመንግሥቱም መስመር በኩል የመብረቅ መከላከያ ማስገባት ቅንጦት አይደለም።

ከኢንቨርተሩ እስከ መኪናዋ መቆሚያ ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ኬብል አስዘርግቼ፣ የራሱ ብሬከርና ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ሲያመልጥ ወዲያው የሚቆርጥ መከላከያ አስገጠምኩለት። በግድግዳ ላይ የምናውቀው ተራ ሶኬት 16 አምፔር (የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያ ነው) ይችላል ተብሎ ቢጻፍበትም፣ ለሰዓታት ሳይቋረጥ እንዲሸከም የታሰበ ባለመሆኑ ይግላል፤ ስለዚህ በፋብሪካዎች ለከባድ ማሽን የሚውለውን ሰማያዊ ሶኬት መረጥኩ። አሁንም ቻርጅ ከጀመረ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሶኬቱን በእጄ መዳሰስ ልማዴ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የአምፔር ጉዳይ ነው። ቻርጀሬ ከ6 እስከ 16 አምፔር ይስተካከላል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ይህ ከ1.3 እስከ 3.5 ኪሎ ዋት ማለት ነው። ከፍተኛው ከኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ፣ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ሁለቱ በአንድነት ከኢንቨርተሩ አቅም በላይ ይሆናሉ። ከባለቤቴ ጋር የተስማማነው ምጣዱ ቅድሚያ እንዲያገኝ ነው፤ እሷ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ትጋግራለች፣ መኪናዋ ከዚያ በኋላ ትቀጥላለች። በሌላው ቀን 10 አምፔር ላይ አስቀምጬ ከረፋድ እስከ 9 ሰዓት እተዋታለሁ፤ የዕለቱን መንገድ በዚህ ትመልሳለች። በጣም ዝቅ ማድረግ አዋጭ አይደለም፤ ቻርጅ በሚደረግበት ጊዜ ሁሉ የመኪናዋ የውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ለራሱ የሚበላው ኃይል ስላለ፣ በ6 አምፔር ረጅም ሰዓት ስትቆይ የሚባክነው ድርሻ ይበዛል። ደመና ሲኖር ብቻ ወደ 8 ወይም ወደ 6 አወርዳለሁ።

የወተት ሥራና የፀሐይ ዘመን እርስ በርሳቸው ይጣረሳሉ። በዐቢይ ጾም ሰማዩ ጥርት ያለ ሲሆን የወተት ገበያ ቀዝቃዛ ስለሆነ መንገዴ ያጥራል፤ ጣሪያውም ከምፈልገው በላይ ይሰጣል። በሰኔና በሐምሌ ደግሞ ሣሩ ለምልሞ ወተቱ ይበዛል፣ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ መኪናዋ የበለጠ ትበላለች፣ ፀሐይዋ ግን ትጠፋለች። በተከታታይ ደመና የመኪናዋ ባትሪ ከ40 በመቶ በታች ሲወርድ ሌሊት ላይ ከመንግሥት መስመር እሞላለሁ። ይህን ሳደርግ አይከፋኝም፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ስለሆነ፣ ጣሪያዬን የጋረደው ዝናብ በዚያው ሰሞን ግድቦቹን እየሞላ ነው። በበጋ በኩል የሚያስፈልገው ጽዳት ነው። ከኮረኮንች መንገድ የሚነሣው አቧራ ፓኔሉን ስለሚያለብሰው ማለዳ፣ መስተዋቱ ሳይሞቅ፣ በውኃና በለስላሳ መጥረጊያ አጸዳዋለሁ።

የቤቱ ባትሪ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ብቻ የሚይዝ ነው፤ ሆን ብዬ ነው ያሳነስኩት። ከወጪው ትልቁን ድርሻ የወሰዱት ባትሪውና ኢንቨርተሩ እንጂ ፓኔሎቹ አይደሉም። ባትሪውን ጨርሼ ወደ መኪናዋ ባዛውረው የማገኘው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ኃይሉ ከባትሪ ወደ ባትሪ ሲሻገርም በመንገድ ይጎድላል። ለማቀዝቀዣውና ለሌሊቱ መብራት ይበቃኛል። ስለዚህ ሊጠይቁኝ ለሚመጡ ሰዎች የማቀርብላቸው የመጀመሪያ ጥያቄ መኪናቸው ቀን የት እንደምትውል ነው። ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ማታ ለሚገባ ባለ ታክሲ የእኔ አሠራር አይሆነውም፤ እንዲህ ላለው ሰው መኪናውን ሌሊት ከመንግሥት መስመር እንዲሞላና፣ ፓኔል ካስገባም ለምጣዱና ለማቀዝቀዣው እንዲያደርገው እመክረዋለሁ። መኪናው ቀን ቤት የምትውል ነጋዴ፣ መምህር ወይም እንደ እኔ በማለዳ ጨርሶ የሚገባ ሰው ከሆነ ግን ወራጁን ለማስፈተሽ አናጢ እንዲጠራ እነግረዋለሁ።