የቀለጠው ፊውዝ ቦክስ

ነሐሴ 20፣ ማታ

እጄ አሁንም የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቤዋለሁ፣ አልለቀቀም። አሮጌው ፊውዝ ቦክስ ጋዜጣ ላይ ተቀምጦ ፊት ለፊቴ ነው። ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ነው።

መኪናዋ የአባቴ ላንድክሩዘር ናት። ኤችዜድጄይ 75 የሚባለው፣ ሎንግ ቤዝ፣ እ.ኤ.አ. የ1994 ምርት። 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተሯ ኮምፒውተር የለበትም፤ ፓምፑ ሜካኒካል ነው፤ አንዴ ከተነሣች የናፍጣ መክፈቻዋ ሶሌኖይድ ኤሌክትሪክ እስካገኘች ድረስ ትሄዳለች። ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል እኛ ቤት ስለ መኪናዋ ሽቦ ተጨንቆ የሚያውቅ ሰው ያልነበረው። ዘይቷ በሰዓቱ ይቀየራል፣ ግሪሷ አይጓደልም፣ ፍሬኗ ይታያል። ሽቦ ግን ሲበጠስ ይጠማዘዛል፣ ናስትሮ ይጠቀለልበታል፣ ከዚያ ይረሳል።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ እናቴንና የእህቴን ልጅ ይዤ ከደብረ ሲና ስመለስ ጣርማ በር ላይ መሸብን። መንገዱን የሚያውቅ ሰው የክረምቱን ጉም ያውቀዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ደመናው ከላይ አይደለም የሚመጣው፣ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ መንገዱን ይሞላዋል። የፊት መብራቱ አልበቃ ሲለኝ ጣራው ላይ ያሉትን ሁለቱን ፓውዛዎች አበራኋቸው። በጉም ውስጥ ከላይ የሚመጣ ብርሃን ተመልሶ ዓይን ላይ እንደሚያበራ አውቃለሁ፤ ያን ማታ ግን ጨለማው አስፈራኝና አበራሁ።

ሽታው ቀድሞ የመጣው ለእናቴ ነው።

«ልጄ፣ የሚቃጠል ነገር አለ።»

«ፍሬን ነው እማዬ፣» አልኳት። ዳገት እየወጣሁ ነበር። ዳገት ላይ ፍሬን አይሸትም። ይህን ያሰብኩት ግን የግራው መብራት ጭል ጭል ብሎ ከጠፋ በኋላ ነው። ብዙም ሳይቆይ የቀኙ ተከተለው፤ ፓውዛዎቹም አብረው ሄዱ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ፍሬቻው በሌላ ፊውዝ ስለሚሄድ እሱ ሠራልኝ። ሞተሩ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይሠራል፣ ከመሪው ሥር ቀጭን ጭስ ይወጣል፣ ልጁ ኋላ ወንበር ላይ ተኝቷል። ያን ደቂቃ አሁንም ማታ ማታ አየዋለሁ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቆሞ፣ ከፊት ሆኖ በቀስታ እየመራ ደብረ ብርሃን አደረሰን። እግዚአብሔር ይስጠው፤ ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

ጠዋት ከዳሽቦርዱ ሥር ገብቼ ክዳኑን ስስበው አልላቀቅ አለኝ። ቀልጦ ተጣብቋል። በካቻቪቴ ፈልቅቄ ስከፍተው የግራው መብራት ፊውዝ ቤት ጥቁር ጉድጓድ ሆኗል፤ ጎኑ ያለውን የቀኙንም ይዞት ሄዷል። ፊውዙ ራሱ ግን አልተቃጠለም። አረንጓዴ፣ ባለ 30 አምፔር። ክዳኑ ላይ በዚያ ቦታ የተጻፈው 15 ነው፤ ሰማያዊ መሆን ነበረበት።

አረንጓዴዋን ያስገባኋት እኔ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ሰማያዊዋ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቴ ስትቃጠልብኝ፣ ኪሴ ውስጥ የነበረችውን አረንጓዴ ሰካሁና ችግሩ «ተፈታ»። ለምን እንደምትቃጠል አልጠየቅኩም። ምክንያቱ እዚያው ዓይኔ ሥር ነበር፦ የፓውዛዎቹ ሽቦ ከፊውዙ እግር ላይ ተጠምጥሟል። እያንዳንዳቸው 100 ዋት ናቸው፤ በ12 ቮልት ሁለቱ ብቻ ወደ 17 አምፔር ይወስዳሉ። የግራው መብራት ራሱ 5 አምፔር ገደማ ይጨምራል። ለ15 በተሠራ ቤት 22 አሳልፌበታለሁ ማለት ነው፤ ሊያስቆመኝ ይችል የነበረውን ደግሞ አውጥቼ ጥያለሁ።

አዲስ አበባ ስንመለስ ያየልኝ ኤሌክትሪሻን ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ቦክሱን ገለበጡት፣ አሸተቱት፣ ከዚያ ነው ያናገሩኝ።

«ፊውዝ የሚጠብቀው አምፖሉን ይመስልሃል? ሽቦውን ነው። አንተ ሽቦውን ሳታወፍር ጠባቂውን አወፈርከው።»

«ግን ጋሼ፣ 22 ከሆነ ባለ 30ው መቃጠል አልነበረበትም። ታዲያ ምን አቀለጠው?»

ፊውዙን ቆንጥጦ የሚይዘውን ነሐስ አሳዩኝ። አረንጓዴ ዝገት ይዞት፣ ከመላላቱ የተነሣ ፊውዙ በጣት ሲነካ ይወዛወዛል። እዚህ ላይ ነው ዕድሜዬን ሙሉ ያልገባኝ ነገር የገባኝ። የላላ ኮንታክት ኤሌክትሪኩን ስለማያበዛው ፊውዙ አይሰማውም። እዚያች መጋጠሚያ ላይ 0.05 ኦም ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪኩን የሚያስቸግር መሰናክል) ብቻ ቢኖር፣ በ22 አምፔር ወደ 24 ዋት ሙቀት ይወጣል። ይህ የትንሽ የስታኞ (ሽቦ የሚበየድበት ቆርቆሮ) ማቅለጫ ሙቀት ነው። ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ማቅለጫ ሰክቼ፣ እናቴን አሳፍሬ ጣርማ በርን ስወጣ ነበር።

ምትክ ቦክስ ሱማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃ መሸጫው ሰፈር፣ ፈለግኩ። የመጀመሪያው ቦክስ ከፊት ሲያዩት ቁርጥ የኔው ነው፤ ከጀርባ ግን ሶኬቶቹ አይገጥሙም። እንዲህ ያለ ዕቃ ለመግዛት አሮጌውን ይዞ መሄድ ግድ ነው፤ ፎቶ አይበቃም። በሦስተኛው ሱቅ ከፈረሰ መኪና የወጣ ልክ የሆነ አገኘሁ። ባለሱቁ እያንዳንዱ ቤት ላይ ፊውዝ እየሰካሁ እየነቀልኩ ስሞክር ሳይሰለች ጠበቀኝ። ነሐሱ ሁሉ ጠንካራ ነው፣ ዝገት የለውም።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ጋሼ እኔው እንድሠራው፣ እሳቸው ከጎኔ ሆነው እንዲያዩ ተስማማን። መጀመሪያ የባትሪውን ነጌቲቭ ሞርሴቶ (የሽቦውን ማሰሪያ) አወለቅኩ። ፖዘቲቩን አስቀድሞ መፍታት አደጋ ነው፤ ቁልፉ ቦዲ ከነካ ሾርት አድርጎ እሳት ይረጫል። ከዚያ ከየአቅጣጫው ፎቶ አነሣሁ፣ በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ በወረቀት ፕላስተር ቁጥር ለጠፍኩ። ቀለሙን ብቻ ማመን አይቻልም፤ በሙቀትና በአቧራ ቀይ መስመር ያለው ነጭና ቡናማ መስመር ያለው ነጭ አንድ መስለዋል።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ የተቃጠሉትን ሽቦዎች መቁረጡ ነው። አንድ ሁለት ጣት ቆርጬ የምቀጥል መስሎኝ ነበር። ስልጠው መዳቡ ጥቁር ነው። እንደገና ቆረጥኩ፤ አሁንም ጥቁር። «የሚያብረቀርቅ መዳብ እስክታይ አታቁም፣» አሉኝ ጋሼ። አንድ ክንድ ሊሞላ ምንም አልቀረው ንጹሕ መዳብ ስናገኝ። ያን ያህል ርቆ ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ሲጠበስ ኖሯል። በዚያው ውፍረት አዲስ ሽቦ ቀጠልኩበት፤ በመጋጠሚያ ነሐስ ተጨምቆ፣ ስታኞ ተደርጎ፣ በሙቀት የሚሰበሰብ ላስቲክ ለብሶ። መጠማዘዝ ብቻውን በዚህ መኪና ላይ አብቅቷል።

ፓውዛዎቹ ከፊውዝ ቦክሱ ጋር ያላቸው ነገር ተቆርጧል። ቀጥታ ከባትሪው፣ በወፍራም ሽቦ፣ ከባትሪው አጠገብ በተቀመጠ በራሳቸው ፊውዝ፣ በሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) በኩል ነው አሁን የሚበሩት። የሪሌው እግሮች ቁጥር አላቸው፦ 30 ላይ ከባትሪ ይገባል፣ ከ87 ወደ መብራት ይወጣል፣ 85ና 86 ከማብሪያው ጋር። ሪሌውን ለማዘዝ የፊት መብራቱን ሽቦ ስንጠቀም ግን ግራ ተጋባሁ፤ ረጅሙ ሲበራ የሚጠበቀው ፖዘቲቭ አልመጣም። የዚህች መኪና ረጅምና አጭር መብራት የሚለዋወጠው በነጌቲቩ በኩል ነው። ጋሼ ይህን ጠብቀው ነበር፤ ዝም ብለው ቴስተሩን እያንቀሳቀስኩ ራሴ እስክደርስበት ታገሡኝ። እንዲህ ያለ አስተማሪ በትምህርት ቤትም አልገጠመኝም።

ዛሬ መብራቱ በርቶ ሳለ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ አምፖሉ ድረስ የሚጠፋውን ቮልት ለካን። 0.3። ከመቀየሩ በፊት፣ ፓውዛዎቹ ሳይበሩ እንኳ፣ መብራቱን ሳይቀልጥ በቀረው ሌላ ቤት ላይ አድርገን የለካነው 1.4 ነበር። የሃሎጅን አምፖል ቮልቱ 10 በመቶ ሲቀንስበት ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ነው የሚቀንሰው። እና እኔ ስንት ዓመት ሙሉ «የድሮ መኪና መብራት እንዲህ ነው» እያልኩ፣ መብራት ሲያንሰኝ ፓውዛ እያበራሁ፣ ያንኑ ቦክስ እያቃጠልኩ ስነዳ ነበር።

ማታ አባቴ መጥቶ ቦክሱን ጋዜጣው ላይ አየው። አንሥቶ በአውራ ጣቱ ጉድጓዱን ዳሰሰው።

«ፓውዛውን ከዚህ ነበር የወሰድኩት፣» አለ።

«አዎ አባዬ።»

«ፊልድ ወጥተን ነው፣ በማግስቱ ለሊት መንዳት ነበረብን። እመለስበታለሁ ብዬ ነበር እኮ።» ብዙ ዝም አለ። «እናትህ ውስጥ ነበረች አይደል?»

አረንጓዴዋን የሰካሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። ጥፋቱ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ እንዲያውቅ ፈለግኩ። መልስ አልሰጠኝም፤ የእጅ ባትሪ ይዞ ወጣና አዲሱን እያንዳንዱን ፊውዝ በክዳኑ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አመሳከረ። ከጎኑ ቆሜ ቀለማቱን ጠራሁለት፦ ቀይ 10፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20።

ጨርሰን ምንጣፉን ስናነሣ እርጥብ ነው። ነሐሱን ያዛገው ውኃ የሚገባው ከፊት መስታወቱ ጎማ ሥር ነው፤ ጥጉ ላይ ያለው ላሜራ በዝገት ተበልቷል። መስታወቱ ወርዶ ብየዳና ቀለም ይፈልጋል፣ በዚህ ዝናብ የሚሠራ አይደለም። ለመስከረም ቀጠሮ ይዤለታለሁ። እስከዚያ ከላይ ሸራ አልብሻታለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ምንጣፉን እየነካሁ አያለሁ።