ለጥርስ ነው ወይስ ለአእምሮ?

ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ነበር። ኮሮና አገር ውስጥ ከገባ ዓመት አልፎታል፤ መጋቢት ላይ ክትባት ቢጀመርም ቅድሚያው ለጤና ባለሙያና ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች ነው። እኔ የምሠራው ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙ በማይርቅ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነው። የሥነ ልቦና ምክር እሰጣለሁ። ከጎኔ የጥርስ ሕክምና ክፍል አለ፤ ግቢያችንም በራችንም አንድ ነው።

በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ወጣት ነው፣ ሥራ ወዳድ። ሙቀት መለኪያውን ከሰጡት ወዲህ ማንንም ሳይለካ አያሳልፍም።

አንድ ቀን ስድስት ሰዓት ገደማ አንዲት እናት መጡ። ባለቤታቸው ያረፉት በ2012 ክረምት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሳይነሳ ነበር። ድንኳን አልተጣለም፣ ዘመድ ከገጠር አልመጣም፣ እዝን ይዞ የሚገባም አልነበረም። እንቅልፍ ከከዳቸው ወራት ስለሆነ ቀጠሮውን የያዘችላቸው ልጃቸው ናት። ከክሊኒኩ ራቅ ብለው ከባጃጅ ወርደው ያንን የሚያዝያ ፀሐይ በእግራቸው አቋርጠውታል። ጥበቃው መለኪያውን ግንባራቸው ላይ ደቀነ፤ 38 አለ።

«እማማ ትኩሳት አለብዎት! ሳልስ አለ? ለማን ነው የመጡት? ለጥርስ ነው ወይስ ለአእምሮ?»

ማስክ ያደረገ ሰው ሳያውቀው ይጮኻል። በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ዞሩ። እሳቸውም «ተሳስቼ ነው ልጄ» ብለው ነጠላቸውን ሳብ አደረጉና ተመለሱ።

እኔ ደርሼ ስወጣ መንገዱን ተሻግረው ዘንባባው ሥር ቆመዋል። አጠገባቸው ሄድኩ፣ አጠገባቸው ማለት በዚያን ጊዜ ቋንቋ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቄ ማለት ነው። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ልጃቸው፣ ስለ ባጃጅ ዋጋ አወራን። ሩብ ሰዓት ያህል ጥላ ካገኙ በኋላ መለኪያውን አስመጥቼ ስለካቸው 36.6 ሆነ። መሣሪያው የሚያነበው የቆዳን ሙቀት ስለሆነ፣ ፀሐይ የመታው ግንባር በሽታ የያዘው ይመስላል። በአንጻሩ ቫይረሱ ምልክት ከመታየቱ ሁለት ቀን ያህል አስቀድሞ ሊተላለፍ ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ሰው መለኪያው እሰይ ብሎ ያስገባዋል። ለዚህ ለዚህማ የሰው ምስጢር በር ላይ መዘርገፉ ምን ይሉታል?

ጥበቃውን አልተቆጣሁትም፤ ጠይቅ የተባለውን ነው የጠየቀው። ጥያቄውን ግን ከበሩ አነሳነው። ከቀጠሮው አንድ ቀን በፊት ራሴ መደወል ጀመርኩ። በዚያን ጊዜ ስልክ ገና ሲጠራ የሚሰማው የኮሮና ማስጠንቀቂያ ስለነበር ጥያቄዬ ማንንም አላስደነገጠም፦ ትኩሳት፣ ሳል፣ የማሽተት ለውጥ፣ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው። አንዱ ካለ በስልክ እንነጋገራለን፣ ቀጠሮ በመሰረዙም የሚከፈል ነገር የለም። ይህችን የመጨረሻዋን የክሊኒኩ ባለቤት አልወደዳትም ነበር። ነገር ግን ገንዘቡ እንዳይቀርበት የሚሰጋ ሰው እያሳለውም ይመጣል።

በዚያው ስልክ ላይ ሌላም ነገር እናገር ነበር፦ «ስቀበልዎት አልስምዎትም፣ አልጨብጥዎትም፤ እንዳይቀየሙኝ።» ሐዘንተኛን ከሩቅ እጅ ነስቶ «ይግቡ» ማለት እኛ አገር ንቀት ነው። አስቀድሞ ከተነገረ ግን ሰው ይረዳል። ሲመጡም ግቢው ውስጥ ራቅ ብዬ ማስኬን ለአፍታ ዝቅ አድርጌ ፊቴን አሳያቸዋለሁ። ፊቱን አይቶት ለማያውቀው ሰው ገመናውን የሚያወራ የለም።

የክፍሉ ነገር ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነበር። ወንበሩን፣ እጀታውን በበረኪና ስንፈትግ ኖረን መስኮቱን ግን ዘግተን እንቀመጥ ነበር፤ ምስጢር ነዋ! የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ሚያዝያ፣ ቫይረሱ አየር በማይዘዋወርበት ክፍል ውስጥ ከሁለት እርምጃ አልፎም ሊተላለፍ እንደሚችል በግልጽ ጻፈ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያወራና ሲያለቅስ የሚቆይ ሰው ባለበት ክፍል መስኮት መዝጋት እንግዲህ አያዋጣም። ከፈትነው። ከፍተን ደግሞ አዳመጥን፤ ውስጥ ያለው ንግግር በረንዳው ላይ ቃል በቃል ይሰማል! ባሕር ዳር ቀን ቀን ነፋሱ ከጣና ወደ ከተማው ነው፤ በኋላ መስኮት ገብቶ በፊት በር ሲወጣ ወሬውን ይዞ ይሄዳል። መጠበቂያ ወንበሮቹን ወደ ሐይቁ በኩል፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት አዛወርናቸው፤ ጥበቃው ሬዲዮውን ፊት ለፊት በር ላይ አስቀመጠ። የአየር ማራገቢያውንም ከሰው ፊት አንስተን አየሩን ወደ ውጭ እንዲገፋ በሩ አጠገብ አቆምነው። ለዚህ ሁሉ ያወጣነው ገንዘብ ለበረኪና ካወጣነው ያንሳል።

ማንም ያላሰበው ግን እንባው ነበር። ሰው ማስኩ ውስጥ ያለቅሳል፤ ማስኩ ይርሳል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ከዚያ አውልቆ ፊቱን ይጠርጋል። የራሰ ማስክ መከላከል ይቀንሳል፣ መቀየር አለበት፤ እያለቀሰ ያለን ሰው «ማስክዎን ያድርጉ» ማለት ግን ከጥበቃው ጥያቄ አይሻልም። ስለዚህ ከሶፍት ጎን የታሸገ አዲስ ማስክ፣ ሳኒታይዘርና በእግር የሚከፈት ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ ከወንበራቸው አጠገብ አኖርኩ። እሳቸው ሲቀይሩ እኔ ተነስቼ መስኮቱ ጋ እቆማለሁ። ያቺ እናት በመጀመሪያው ቀን ሁለት ማስክ ጨረሱ።

የመመዝገቢያው ደብተር ብዙ አላከራከረንም። አንድ ሰው በኋላ ቢያዝ ለንክኪ ልየታ የሚያስፈልገው ስም፣ ስልክና ሰዓት ነው፤ የትኛው ክፍል እንደገባ እንጂ ለምን እንደመጣ አይጻፍም ተባለ። ክፍሉም ቢሆን በቁጥር እንዲሆን ያደረግነው የጥርስ ሐኪሟ ባመጣችው ሐሳብ ነው።

ከክሊኒኩ ባለቤት ጋር የተጋጨነው በሁለት ሰው መካከል ክፍሉ ሩብ ሰዓት ክፍት ሆኖ ይናፈስ ባልኩበት ጊዜ ነው። «በቀን አንድ ሰው ይቀንስብኛል» አለ፣ እውነቱን ነው። ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን፣ የባለጉዳዩን ታሪክ የመጠየቁን ሥራ ወደ ስልክ አዛውረን የክፍሉን ጊዜ አሳጠርነው፤ ያም ሆኖ ስላልበቃው ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሬ እንድገባ ተስማማን። ለዚያ የሚከፈለኝን ግን እስከ ክረምት ድረስ ስንከራከርበት ቆየን።