ባለ ሦስቷ ቅባት

«ዶክተር፣ ያችን ባለ ሦስቷን ስጠኝ።»

ዶክተር አይደለሁም፤ ፋርማሲስት ነኝ። ማራኪ አካባቢ ባለች ጠባብ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ጎንደር ላይ ግን ነጭ ጋዋን ከለበስክ ዶክተር ነህ። ማረሙን ትቼዋለሁ።

ባለ ሦስቷ የሚሏት ለጭርትና ለመሰል የቆዳ ፈንገስ የሚገዟትን፣ በአንድ ቲዩብ ሦስት መድኃኒት የያዘችውን ቅባት ነው። ለፈንገሱ ክሎትሪማዞል፣ ለባክቴሪያው ጀንታማይሲን፣ ሦስተኛው ደግሞ ቤታሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ። ሰው የሚወዳት በሦስተኛው ምክንያት ነው። ማሳከኩንና መቅላቱን በጥቂት ቀን ዝም ታሰኘዋለች።

ጣጣው ታዲያ እዚያ ላይ ነው። ቆዳው የሚቀላውና የሚያሳክከው ሰውነት ፈንገሱን ሲታገል ነው። ስቴሮይዱ የሚያፍነው ያንን ትግል ነው። ፈንገሱን እንደ ሌባ ብታስቡት፣ ስቴሮይዱ የሚጮኸውን ውሻ አፍ ያስራል፤ ሌባው ግን ቤት ውስጥ ነው።

አንድ የባጃጅ ሹፌር ደንበኛ አለኝ። ቀኑን ሙሉ በላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከማራኪ ፒያሳ ሲመላለስ ይውላል። ብሽሽቱ ላይ ጭርት ወጣበት። ጓደኛው ባለ ሦስቷን አዘዘለት (እዚህ አገር መድኃኒት የማያዝ ማን አለ?)። ሲቀባ ይተወዋል፣ ሲያቆም ይመለሳል፣ እንደገና ይገዛል። ይህን ሲያደርግ ወራት አለፉ። እኔ ጋ ሲመጣ ነገሩ ጭርት አይመስልም ነበር። ጭርት ሲሆን ክብ ነው፤ ጠርዙ ቀላና ከፍ ይላል፣ መሀሉ ጠራ ይላል። የእሱ ጠርዝ ጠፍቷል፣ ወደ ጭኑና ወደ መቀመጫው ተዛምቷል። ቆዳው ሳስቶ እንደ እርጉዝ ሆድ ሸንተረር አውጥቷል። ሸንተረሩ ፈንገሱ ቢድንም አይጠፋም። መልኩን የቀየረውን ጭርት ሐኪሞች ቲኒያ ኢንኮግኒቶ ይሉታል። የሕክምና መጽሔት ላይ በዚህ ስም የተጻፈው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው፤ አዲስ ነገር አይደለም።

«ባለ ሦስቷን ጨምርልኝ» አለኝ። አልሸጥኩለትም። ተቆጣ። «ገንዘቤን አልሰጥህም አላልኩ!» አለ፤ እውነቱን ነው። ያን ያህል ከተዛመተ ግን ተራ ቅባትም ላይበቃው ይችላል፤ የሚዋጥ ኪኒን ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ላክሁት። እዚያ ቆዳውን ፋቅ አድርገው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ፈሳሽ ጠብ ያደርጉበትና ፈንገስ መኖሩን በማይክሮስኮፕ ያያሉ። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቅሁት፦ ቅባቷን ስታቆም መጀመሪያ ላይ ይብስብሃል፣ ይቀላል፣ ያሳክካል፤ ደንግጠህ ወደ እሷ እንዳትመለስ።

ገና ለጀመረው፣ ትንሽ ቦታ ላይ ላለ ጭርት፣ ብቻውን የሆነ ክሎትሪማዞል ይበቃል። ጠዋትና ማታ፣ ከሽፍታው ጠርዝ ትንሽ አልፎ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት። ማሳከኩ ሲቆም ቅባቱ አይቆምም። እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚሰንፈው። ፎጣም አይዋዋሱ፤ ይህን በተለይ የምለው ለዶርም ተማሪዎች ነው።

ድብልቅ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ዊትፊልድ የሚባለው የድሮ ቅባት ራሱ ድብልቅ ነው፤ 6 በመቶ ቤንዞይክ አሲድና 3 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ። አንዱ ፈንገሱን ይይዛል፣ አንዱ የሞተውን ቆዳ ይልጣል። ስቴሮይድ የለውም። ቀኑን ሙሉ በኮንጎ ጫማ ለሚውል ገበሬ የእግር ጣት እኔ እወደዋለሁ። ፊትና ብሽሽት ላይ ግን ያቃጥላል። ማይኮናዞል ከሃይድሮኮርቲዞን ጋርም አለ፤ ስቴሮይዱ ቀላል ስለሆነ በጣም ለተቆጣ ቆዳ ሐኪም ለጥቂት ቀን ሊያዘው ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ካርቶኑን አንብቡ። ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታዞል ወይም ትሪያምሲኖሎን የሚል ካያችሁ ስቴሮይድ አለበት፤ ሐኪም ሳያያችሁ አትጀምሩት።

ባለፈው ደግሞ አንዲት እናት የልጇን ራስ አሳየችኝ። ቆረቆር ነው፤ ጸጉሩ ቦታ ቦታው ላይ ተመልጧል። እሷም ባለ ሦስቷን ስትቀባው ከርማለች። የራስ ቆረቆር በቅባት ብቻ አይድንም፤ ፈንገሱ ጸጉሩ ውስጥ ስለሚገባ ቅባቱ አይደርስበትም። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ግሪሲዮፉልቪን ነው። በሐኪም ትእዛዝ፣ በልጁ ክብደት ተለክቶ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይዋጣል። ስብ ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ሰውነት የበለጠ ይወስደዋል፤ ሐኪሙ ካዘዘለት ከወተት ጋር ስጪው አልኳት።

«ይችንስ ምን ላድርጋት የኔ ልጅ?» አለችኝ፣ ግማሽ የደረሰችውን ቲዩብ እያሳየችኝ።

«ጣያት እናቴ።»

«ገንዘብ ወጥቶባት!» አለችና ወደ ቦርሳዋ መለሰቻት።