አባይ በረሃ፣ አንድ ሃይላንድና የእማማ ጥያቄ

ከአዲስ አበባ ወደ ኮሶበር ስሄድ ጎኔ የተቀመጡት እማማ ደጀን ወራጅ ነበሩ። ወሬ ጀመርን። እኔም አፌ አላርፍ ብሎ ጅቡቲ ስሠራ ባሕር ውስጥ መጥለቅ እንደተማርኩ ቀባጠርኩ።

«ምን ያለኸው እብድ ነህ ልጄ! እዚያ ውስጥ ምን ትተነፍሳለህ?»

የማይጠይቀኝ ሰው የለም። ሁሉም ኦክስጅን ይመስለዋል። ጀርባ ላይ የሚታዘለው ሲሊንደር የያዘው ግን ይሄንኑ የምንተነፍሰውን አየር ነው፣ ታምቆ። ንጹሕ ኦክስጅንማ ከ6 ሜትር በታች ሰውን ሊያንዘፈዝፍ ይችላል።

ጎሃ ጽዮንን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ጆሮዬ ተደፈነ። እማማ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ «ምራቅህን ዋጥ አድርግ፣ ይከፈትልሃል» አሉኝ። አስተማሪዬ ጅቡቲ ላይ በመጀመሪያው ቀን የነገረኝ እሱኑ ነው፣ አፍንጫን ይዞ ቀስ ብሎ መንፋት ተጨመረበት እንጂ። የሚገርመው፣ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርደን ጆሯችን የቻለው ጫና ውሃ ውስጥ ሜትር ተኩል ገደማ ቢወርዱ ከሚመጣው አይበልጥም። ለዚህ ነው ጠላቂ በየሜትሩ ጆሮውን የሚከፍተው። ካመመው ትንሽ ከፍ ይላል፣ አይታገልም። ጉንፋን ከያዘው ጭራሽ አይገባም። እኔ የከፈልኩት ብር እንዳይቃጠል ብዬ አንዴ በጉንፋን ገብቼ ሳምንት ሙሉ በአንድ ጆሮ ስሰማ ከርሜያለሁ።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ፣ ላይ እያለን የከደንኳት ባዶ ሃይላንድ ጎኗ ገብቶ ተጨማዳለች። ከፈትኳት፣ መልሼ ጥብቅ አድርጌ ከደንኳትና «ይያዙልኝ እማማ» አልኳቸው። ዳገቱን ጨርሰን ደጀን ልንገባ ስንል እንደ ከበሮ ተወጥራለች። ሲከፍቷት ጢስስ አለች። ሳቁ።

«ሳንባም እንደዚሁ ነው» አልኳቸው። ከ10 ሜትር ጥልቀት ወደ ላይ ሲወጣ ሳንባ ውስጥ ያለው አየር እጥፍ ይሆናል። ትንፋሹን የያዘ ሰው ሳንባው ሊቀደድ ይችላል፣ ከ2 ሜትር እንኳ ቢሆን። ክፋቱ፣ ሰው ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚያደርገው ትንፋሹን መያዝ ነው። ስለዚህ ሳያቋርጡ መተንፈስ፣ ቀስ ብሎ መውጣት፣ 5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ መቆም። እማማ ሃይላንዷን አገላብጠው አዩና «አይ፣ እኔስ በመኪናዬ» ብለው ወረዱ። ሃይላንዷንም ይዘዋት ሄዱ።

በማግስቱ ዘንገና ሄድኩ። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ክብ ሐይቅ ነው፣ ዙሪያውን ደን። ውሃው ዝም ያለ፣ ጥቁር አረንጓዴ። እዚያም ወሬዬን ስላላቆምኩ ልጆች ከበቡኝ። «ታዲያ ግባና መጨረሻውን ንገረን!»

ጥልቀቱ ከ160 ሜትር ያልፋል ይባላል፤ ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው ወሰኑ 40 ነው። እሱ ብቻ አይደለም። ቦታው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ የሚጫነን የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ብቻ ነው። ከውሃ ስትወጣ ደምህ ውስጥ የገባው ናይትሮጅን አረፋ የመሥራት ዕድሉ ይጨምራል፣ ለባሕር የተሰላው ውሃ ውስጥ የመቆያ ጊዜም አይሠራልህም። ጅቡቲ ለቀናት ሲጠልቅ የከረመ ሰው አውሮፕላን ለመሳፈር ቢያንስ 18 ሰዓት የሚጠብቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይሄን ሁሉ ከማብራራ ብዬ አሳጠርኩት። «ብቻዬን አልገባም፣ ጓደኛ ያስፈልጋል።»

አንዱ ትንሽዬ ወደፊት ወጣ። «እኔ እገባለሁ።»

«ዋና ትችላለህ?»

«አልችልም። ግን ገመድ አለን።»