የዚመርማን ቴሌግራም የሄደበት ሽቦ

የዚመርማን ቴሌግራም በተነሳ ቁጥር ወሬው ሁሉ ጀርመን ለሜክሲኮ ስለገባችው ቃል ነው፤ ከአሜሪካ ጋር ከተዋጋሽ ቴክሳስ፣ ኒው ሜክሲኮና አሪዞና ይመለሱልሻል ስለሚለው። እኔን ከይዘቱ ይበልጥ የሚገርመኝ የተጓዘበት መንገድ ነው። (ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦገስት 5 ቀን 1914፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ በጀርመን ላይ ጦርነት ባወጀች ማግስት፣ አለርት የምትባል የእንግሊዝ መርከብ የጀርመንን የባሕር ውስጥ የቴሌግራፍ ገመዶች እያወጣች በጠሰች። በርሊን አሜሪካ ድረስ የሚያደርስ የራሷ ገመድ አጣች። በኋላ ፕሬዚዳንት ዊልሰን ለማስታረቅ ላይ ታች ሲሉ፣ የሰላሙ ንግግር እንዲፋጠን ብለው ጀርመኖች በአሜሪካ የዲፕሎማሲ መስመር እንዲጠቀሙ ፈቀዱላቸው፤ ያውም ምስጢራዊ ጽሑፋቸውን ሳይፈቱት። መልእክቱ በርሊን ካለው የአሜሪካ ኤምባሲ ተነስቶ በኮፐንሃገንና በለንደን በኩል ዋሽንግተን ይገባል። ለንደን ላይ እንግሊዞች ይጠልፉታል። የጀርመኑ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዚመርማን አሜሪካን ለማስወጋት የጻፉትን ያሻገሩት በዚሁ በራሷ በአሜሪካ መስመር ነው፣ ጃንዋሪ 16 ቀን 1917። ድፍረት ልበለው ንቀት አላውቅም።

ስህተቱ የተሠራው ዋሽንግተን ላይ ነው። መልእክቱ እዚያ የደረሰው 0075 በተባለ አዲስ ኮድ ነበር። ሜክሲኮ ያለው የጀርመን ሚሲዮን ይህ የኮድ መጽሐፍ አልነበረውም። የጀርመን አምባሳደር በርንስቶርፍ 13040 ወደሚባለው አሮጌ ኮድ አስለውጠው ጃንዋሪ 19 ቀን በዌስተርን ዩኒየን የቴሌግራፍ ኩባንያ፣ እንደ ማንኛውም ቴሌግራም፣ ላኩት። አሮጌውን ኮድ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ምስጢር ፈቺዎች፣ «ክፍል 40» የሚባሉት፣ አብዛኛውን ያውቁታል። ወረቀቱ የቁጥር ድርድር ነው፦ 36477 ቴክሳስ፣ 67893 ሜክሲኮ። አሪዞና በመጽሐፉ ስላልነበረች በአራት ቁራጭ ተጻፈች፤ 5454 «አር»፣ 16102 «ኢዝ»፣ 15217 «ኦን»፣ 22801 «ኤ»።

የባሕር ኃይሉ የስለላ ኃላፊ ሆል ጭንቀታቸው ሌላ ነበር። መልእክቱን ለአሜሪካ ቢያሳዩ፣ የአሜሪካን መስመር እንደሚጠልፉ ይጋለጣል። መላው የተገኘው ከሜክሲኮ ሲቲ ቴሌግራፍ ቤት በወጣ ቅጂ ነው። ቀኑም ኮዱም ከመጀመሪያው ስለሚለያይ ከሜክሲኮ ተሰረቀ ማለት ይቻላል። ፌብሩዋሪ 23 ቀን ለአሜሪካ አምባሳደር ተሰጠ፤ ማርች 1 ቀን ጋዜጣ ላይ ወጣ። ብዙ አሜሪካውያን የእንግሊዝ ፈጠራ ነው ብለው ሲከራከሩ፣ ማርች 3 ቀን ዚመርማን ራሳቸው «እውነት ነው» ብለው ክርክሩን ዘጉት። አሜሪካ ኤፕሪል 6 ቀን ጦርነት አወጀች። በእኔ ግምት ዋናው ምክንያት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ጥቃት ነው፤ ቴሌግራሙ ግን ጦርነቱን ከቁብ ያልቆጠረውን የምዕራቡን አሜሪካዊ ቀሰቀሰ።

በርሊን ምስጢሩ የት እንደሾለከ ሜክሲኮ ያሉትን ሚኒስትሯን ኤካርትን ጠየቀች። እሳቸውም ጸሐፊያቸው ቴሌግራሞቹን ማታ ማታ በዝቅተኛ ድምፅ እንደሚያነቡላቸው፣ ወረቀቱም እንደሚቃጠል መለሱ። በርሊን አመነቻቸው። ጥያቄውም መልሱም የተላላኩት በዚያው በተፈታው ኮድ ስለነበር ክፍል 40 ሁሉንም አነበበ።