በፍልሰታ የተያዘ ዓሣ

አባባ ከደብረ ብርሃን ከመጡ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነበር። አንድ ጠዋት በረንዳ ላይ ቆመው ወደ ምዕራብ ሲያዩ ቆዩና «ያ ተራራ ይደረስበታል?» አሉኝ። የምኖርባት አውሮራ፣ አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሰማዩ ሲጠራ ግን ሮኪ ተራሮች ከቤቴ ይታያሉ።

«ይደረስበታል አባባ። ሐሙስ እንሄዳለን።»

የድንኳኑን ቦታ የያዝኩት በየካቲት ነው፤ ቪዛቸው ገና ሳይመታ። በሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ለበጋ ካምፕ ማደር የሚፈልግ ሰው ስድስት ወር ቀድሞ መመዝገብ አለበት፤ ከዘገየ አያገኝም። ቪዛው ባይሳካ ብቻዬን እሄድ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ የሄድኩት ብቻዬን ነው።

ግሌሸር ቤዝን የሚባለው የካምፕ ቦታ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ብርዱ ለአባባ ብርቃቸው አይደለም። ጋቢያቸውን ተከናንበው እሳት አጠገብ ተቀመጡ። ድብ የሚመጣው ሽታ ተከትሎ ስለሆነ እዚያ ምግብ ብቻ ሳይሆን ሳሙናም፣ የጥርስ ሳሙናም ማታ ብረት ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። በሶውን፣ ቡናውን፣ ዳቦ ቆሎውን አስገባን። ልቆልፍ ስል አባባ ከኪሳቸው ትንሽ ቋጠሮ አወጡ። ዕጣን ነው።

«ይሄስ?»

«እሱም ይገባል አባባ።»

ቋጠሮውን ቀስ አድርገው ከበሶው ጎን አስቀመጡት።

ጠዋት በፓርኩ ነጻ አውቶቡስ ቤር ሌክ ወደሚባለው ሐይቅ ወጣን። ከፍታው 2,888 ሜትር ነው፤ ደብረ ብርሃንም ከዚህ ብዙ አታንስም። ከሜዳ የመጣው እንግዳ ሁሉ በየድንጋዩ ቁጭ እያለ ሲያለከልክ አባባ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይራመዳሉ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ቤር ሌክ ላይ ማጥመድ ክልክል ስለሆነ ወደ ድሪም ሌክ ቀጠልን። መንገዱ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ግን ዳገት ነው። ኒምፍ ሌክ ላይ ውኃው በቅጠል ተሸፍኖ፣ ቢጫ አበቦች ብቅ ብቅ ብለው ነበር። አባባ ጥድ ባዩ ቁጥር ይቆማሉ። ሙጫውን በጣታቸው ነክተው ያሸታሉ።

ድሪም ሌክ ጠባብና ረዥም ነው። ከኋላው ሃሌት የሚባለው ተራራ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ውኃው ከመጥራቱ የተነሣ ከዳር ቆመህ ዓሣው ሲዞር ታያለህ።

ያ ዓሣ የሚኖረው በሕግ ተጠብቆ ነው። ግሪንባክ ከትስሮት የሚባለው ትራውት የኮሎራዶ መለያ ዓሣ ነው። የማዕድን ቆሻሻ፣ ያለ ልክ ማጥመድ፣ ከሌላ ቦታ አምጥተው የለቀቋቸው ዓሦች ተደራርበውበት እ.ኤ.አ. በ1937 ከነጭራሹ ጠፍቷል ተባለ። ኋላ ጥቂት ተርፈው ተገኙና ማራባት ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘረመል ጥናት ደግሞ ንጹሑ ዝርያ የቀረው ቤር ክሪክ በሚባል አንድ ትንሽ ጅረት ብቻ መሆኑን አሳየ። የድሪም ሌኮቹ የሥጋ ዘመዶቹ ናቸው። እነሱንም የያዘ ሰው መልሶ መልቀቅ ግዴታው ነው። መንጠቆው ጥርስ የሌለው መሆን አለበት። ትል አይፈቀድም፤ ሰው ሠራሽ ማጥመጃ ብቻ። የእኔዋ ከክርና ከላባ የተሠራች ዝንብ ናት።

ሃያ ደቂቃ ያህል ከወረወርኩ በኋላ አንዱ ያዘ። እጄን ውኃ ውስጥ ነክሬ አነሣሁት። ደረቅ እጅ በዓሣው ገላ ላይ ያለውን ልጋግ ይገፍፈዋል፤ ከዚያ በሽታ ይገባዋል። ወርቃማ ነው፣ ወደ ጭራው ጥቁር ነጠብጣብ። ከመንጋጋው ሥር ሁለት ቀይ መስመር አለው።

አባባ ጎንበስ ብለው አዩት። «ይሄማ ታርዷል!»

«ተፈጥሮው ነው።» ለቀቅኩት። ትንሽ ቆሞ ተነፈሰና ሄደ።

«ጾም ስለሆነ ነው?» ፍልሰታ ነው፤ አባባ በፍልሰታ ዓሣ አይቀምሱም።

«አይደለም። ፋሲካም ቢሆን እለቀዋለሁ።»

ዝም ብለው ውኃውን ሲያዩ ቆዩ። «ካልበላሽው ታዲያ ለምን ታስጨንቂዋለሽ ልጄ?»

ጥያቄው ልክ ነው። እኔም ራሴን ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ያኔ ነገርኳቸው። እማዬ ስታርፍ ወረቀቴ አላለቀም ነበር። ከአገር ብወጣ መመለስ አልችልም። አርባዋ የወጣ ቀን እነሱ ደብረ ብርሃን ድንኳን ተክለው ሰው ሲያበሉ እኔ ቤት መቀመጥ አቃተኝ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በመኪናዋ እዚህ አመጣችኝ፤ በትሩንም ያስያዘችኝ እሷ ናት። ክሩን ስጥል ክሩን ብቻ ነው የማየው። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሳላለቅስ የቆየሁት እዚህ ብቻ ነበር። ከዚያ በየዓመቱ እመጣለሁ።

አባባ ለረዥም ጊዜ አልተናገሩም።

«የትኛው ድንጋይ ላይ ነበርሽ?»

አሳየኋቸው። ሄደው ተቀመጡበት። ጋቢያቸውን አስተካከሉና ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ውዳሴ ማርያም እየደገሙ እንደሆነ ገባኝ፤ እማዬ በፍልሰታ አትቀርበትም ነበር። እኔ በሶ በጠበጥኩ። ሲጨርሱ ሰጠኋቸው፣ በአንድ ትንፋሽ ጠጡት።

ደመናው ከሃሌት ጀርባ መጥቆር ጀመረ። በነሐሴ እዚህ ከሰዓት በኋላ መብረቅ አይቀርም፤ ከቀትር በፊት መውረድ ይሻላል። ዕቃ ልሰበስብ ስል «አንድ ጊዜ ጣይው» አሉኝ።

ጣልኩት። ብዙም አልቆየ፣ ክሩ ተወጠረ። ዓሣውን ወደ ዳር ስስብ ዞር ብዬ አየሁ። አባባ እጅጌያቸውን ሰብስበው ተንበርክከዋል። ምንም ሳልላቸው ሁለት እጃቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው ይጠብቁኛል።